ጭስ የሌለው የጭስ ቦምብ

ሰሞኑን እኔ በምኖርበት በአስኮ፣ የጎረቤት ልጆች የሆኑ ሁለት ጎረምሶች ቤቴ ድረስ መጥተው አንድ ጥያቄ አቀረቡልኝ። የኬሚስትሪ መምህር መሆኔን ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ለምርቃት ፎቶ የሚሆን ባለ ቀለም ጭስ ቤት ውስጥ ካለ ነገር መሥራት ይቻላል ሲሉ ሰማን። እስቲ እንዴት እንደሆነ ያሳዩን» አሉኝ። እኔም «አሠራሩን አላሳያችሁም፤ ለምን እንደማላሳያችሁ ግን ቁጭ በሉና ላስረዳችሁ» አልኳቸው። ጨዋታችን ከጭስ ቦምብ ተነስቶ ሁላችንም ጓዳ ወዳለው የከሰል ምድጃ አመራ። ለእነሱ የነገርኳቸውን ለአንባቢያንም ባካፍል ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

የጭስ ቦምብ ምንድን ነው?

ለመሆኑ ጭስ ስንል ምን ማለታችን ነው? በዓይናችን የምናየው ጭስ ጋዝ አይደለም። በአየር ላይ የተንሳፈፉ እጅግ ደቃቅ ጠጣር ቅንጣቶችና የፈሳሽ ጠብታዎች ስብስብ ነው። እርጥብ እንጨት ሲቀጣጠል ዓይናችንን የሚያቃጥለን፣ ጣሪያችንን የሚያጠቁረው ይኸው ነው።

የጭስ ቦምብ የሚባለው ደግሞ የሚነድ ነገርንና ኦክስጅን የሚያቀብል ኬሚካልን በአንድ ዕቃ ውስጥ አጣምሮ የያዘ ነው። ከተራ እሳት የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ተራ እሳት ከውጭ አየር ይፈልጋል፤ ስለዚህ በብርድ ልብስ ወይም በአፈር ሲታፈን ይጠፋል። የጭስ ቦምብ ግን ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚመጣ ቢያፍኑትም አይጠፋም። ሲነድ የሚፈጥረው ሙቀት በብዙ መቶ ዲግሪ የሚቆጠር ነው። በፎቶው ላይ የሚታየው ቀለም ያማረ ቢሆንም ዕቃውን የያዘው እጅ ላይ ግን ሌላ ታሪክ ይፈጸማል። ቤት ውስጥ በግምት የተቀላቀለ ሲሆን ደግሞ ቀስ ብሎ ይጨስ ወይስ በአንድ ጊዜ ይንቦግቦግ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ብዙዎቹ አደጋዎች የሚደርሱትም ገና ሲቀላቀልና ሲሞቅ፣ ማለትም ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

በፋብሪካ የተሠራውም ቢሆን የዋህ አይደለም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2020 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ በተባለ አካባቢ አንድ ቤተሰብ የሚወለደውን ሕፃን ጾታ ለማብሰር ያፈነዳው የጭስ ቦምብ የደረቀ ሣር አቀጣጥሎ ከ9 ሺህ ሔክታር በላይ መሬት አቃጥሏል፤ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሕይወቱን አጥቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 2013 ደግሞ በብራዚል ሳንታ ማሪያ ከተማ፣ «ኪስ» በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ ሙዚቀኞች የለኮሱት ርችት የጣሪያውን ስፖንጅ አያያዘና 242 ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹን የገደላቸው ነበልባሉ አልነበረም። ስፖንጁ ሲነድ የወጣው መርዛማ ጋዝ ነበር።

ከዚህ የብራዚል አደጋ አንድ ቁም ነገር እንይዛለን። ዓይን የሚያየው ጭስና ሰው የሚገድለው ነገር አንድ ላይ ይመጡ ይሆናል እንጂ አንድ አይደሉም።

ቃሉ ያሳሳተን ነገር

እኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን ጦር ከአውሮፕላን የረጨውን አባቶቻችን «የመርዝ ጭስ» ብለው ሰየሙት። በአብዛኛው ሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ሲሆን፣ በተግባር ግን ቆዳ ላይ የሚያርፍ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነበር። ስያሜው ትርጉሙን ለማስተላለፍ በቂ ስለነበር በጊዜው ያጎደለው ነገር የለም።

ዛሬ ግን «ጭስ» የሚለው ቃል ሕይወት እያስከፈለን ነው እላለሁ። በየዓመቱ፣ በተለይ ብርድ በሚበረታባቸው ወራት፣ «በከሰል ጭስ ታፍነው ሕይወታቸው አለፈ» የሚል ዜና እንሰማለን። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽንም ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንዳይቀጣጠል በተደጋጋሚ አሳስቧል። ሰሚው ግን ዜናውን ሲሰማ በልቡ የሚያስበው ስለ ጭስ ነው። ስለዚህ ምን ያደርጋል? ከሰሉን ደጅ ላይ ያቀጣጥላል፤ ጭሱ እስኪያልቅ ያራግባል፤ ፍሙ ሲቀላና አመድ ሲለብስ «አሁን ጭሱ አልቋል» ብሎ ወደ መኝታ ክፍሉ ያስገባዋል። በእሱ ቤት መጠንቀቁ ነው። በእውነቱ ግን የሚያየውን ጭስ ደጅ አስቀርቶ የማያየውን ገዳይ ወደ ቤት አስገባ።

ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። በደንብ ከቀላ ፍም ውስጥ ሳያቋርጥ ይወጣል። ጭስ የሌለው የጭስ ቦምብ ያልኩት ይህንን ነው።

ፍሙ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ካርቦን በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ አንዱ የካርቦን አቶም ከሁለት የኦክስጅን አቶሞች ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር ሲያጥረው ግን ከአንድ ኦክስጅን ጋር ብቻ ይዋሃድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። በምድጃ ላይ የተከመረ ከሰል መሐሉ ሁልጊዜ አየር ያጥረዋል። ከሥር የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም በጋለው ከሰል መካከል ሲያልፍ ኦክስጅኑን እየተነጠቀ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። በፍሙ ላይ አንዳንዴ የምናያት ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድ ነው። አመድ ለብሶ ነበልባሏ ስትጠፋ ደግሞ ጋዙ ሳይነድ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ይገባል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰፈራችን ለኪራይ የሚቀርብ አንድ ክፍል 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ነው እንበል። በውስጡ 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ባወጣው መመሪያ ሰው ለ15 ደቂቃ ብቻ ሊተነፍሰው ይችላል ያለው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ 100 ሚሊ ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ለዚያ ክፍል ሲባዛ 3 ግራም ይሆናል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ክብደት ያነሰ ነው።

አሁን ግማሽ ኪሎ ከሰል በምድጃው ላይ አለ እንበል። በውስጡ 400 ግራም ያህል ካርቦን ይኖራል። ከዚህ ካርቦን 1 በመቶው፣ ማለትም 4 ግራሙ ብቻ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢለወጥ ከ9 ግራም በላይ ጋዝ ይወጣዋል። በተዘጋው ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ የ15 ደቂቃው ገደብ ሦስት እጥፍ ነው። የከሰል ምድጃ በተግባር የሚለቀው ከዚህም የላቀ ነው። ሰው ደግሞ የሚተኛው ለ15 ደቂቃ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ ነው።

ደም ውስጥ የሚገባ ሌባ

ኦክስጅንን ከሳምባ ወደ ሰውነታችን የሚያጓጉዘው በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ያለው ሔሞግሎቢን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሔሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ በበረታ ኃይል ነው። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ጥቂት ብቻ ቢኖርም የኦክስጅንን ወንበር እየነጠቀ ይቀመጣል። ተጎጂው ይተነፍሳል፤ ሳምባውም አየር ይገባዋል፤ አንጎሉና ልቡ ግን ይታፈናሉ። ይህንን ምሥጢር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የገለጠው ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ክሎድ በርናርድ ነው።

ስኮትላንዳዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ በ1890ዎቹ ጋዙን በገዛ ራሱ ላይ ሞክሮ የሚሰማውን መዝግቧል። የከሰል ማዕድን ቆፋሪዎች ትናንሽ ወፎችን ይዘው እንዲወርዱ የመከረውም እሱ ነው፤ ወፏ ከሰው ቀድማ ስለምትወድቅ ማስጠንቀቂያ ትሆናለች። ዘዴው በብሪታንያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ አገልግሏል። ታዋቂው ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላም እ.ኤ.አ. በ1902 የሞተው መኝታ ክፍሉን ለማሞቅ ከተለኮሰ እሳት በወጣ በዚሁ ጋዝ ነው፤ የጭስ ማውጫው ተደፍኖ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ጋዙ የተማረውንም ሆነ ባለጸጋውን እንደማይለይ ነው።

ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ግራ መጋባት ናቸው። እነዚህን ስንሰማ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጉንፋን ወይም ታይፎይድ ነው። በበዓል ማግስት ከሆነ ደግሞ «መጠጡ ነው» ይባላል። መለያው ግን አለ፤ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ደጅ ሲወጡ ደግሞ ከተሻላቸው፣ ምድጃውን መጠርጠር ይገባል። የነቃ ሰው እንኳ «ልውጣ» ብሎ ሲያስብ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ብዙዎች በበራቸው ሥር ወድቀው የሚገኙት ለዚህ ነው። የተኛው ደግሞ ራስ ምታቱ እንኳ ሳይቀሰቅሰው ይቀራል።

የእኛን ከተማ ሁኔታ የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በየትንፋሻችን የምናገኘው ኦክስጅን ከመነሻው ያነሰ ነው ማለት ነው። ብርዱም በተለይ እንደ አስኮ ባሉ የከተማዋ ጠርዝ ሰፈሮች ይበረታል። ብርዱ ቀዳዳ ሁሉ እንድንደፍን ያደርገናል፤ በጨርቅና በላስቲክ የተደፈነው ቀዳዳ ደግሞ ጋዙ የሚወጣበት ብቸኛው መንገድ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የአራስ ቤት ነው። አራስ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ በር ይዘጋል፤ መጋረጃ ይጋረዳል፤ ከሰል ይቀጣጠላል፤ ገንፎውም ቡናውም እዚያው ነው። ነፍሰ ጡር ሴትም በተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ትውላለች። በማህፀን ያለ ሕፃን ደም ይህን ጋዝ ከእናቱ ደም በበለጠ ይይዘዋል፤ ለማስወጣትም ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድበታል። እናት ራስ ምታት ብቻ ሲሰማት ሕፃኑ ከባድ ጉዳት ላይ ሊሆን ይችላል። ፍቅራችን በዘጋነው በር በኩል መርዝ ማስገባት የለበትም።

«እኛ ቤት እኮ...» የሚሉ መልሶች

ይህን ጉዳይ ሳነሳ የሚሰጡኝ መልሶች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዶች «ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ውኃ እናስቀምጣለን፤ ውኃው ይስበዋል» ይላሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ውኃው የሚፈይደው ነገር የለም። «ጨው እንነሰንስበታለን» የሚሉም አሉ፤ ጨው ጋዙን አያስቀረውም። «የምንተኛው ከፍ ያለ አልጋ ላይ ነው፤ ጋዙ ወደ ታች ይወርዳል» የሚለውም ስሕተት ነው። ጋዙ ከአየር በጥቂቱ የቀለለ ስለሆነ በክፍሉ ሁሉ እኩል ይሠራጫል። ዕጣን ማጨስም ሽታውን ያሳምር እንደሆነ እንጂ አየሩን አያጸዳም።

«የእኛ ምድጃ ላቀች ነው» የሚሉም አጋጥመውኛል። ላቀች ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ያነሰ ከሰል እንዲፈጅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በዚያ በኩል መልካም ነው። ከሰል መቆጠብና ካርቦን ሞኖክሳይድ አለመልቀቅ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በላቀችም የተቀጣጠለ ፍም መኝታ ቤት መግባት የለበትም። መብራት ሲጠፋ በቤት ውስጥ ወይም በበረንዳ ላይ የሚነሳ ጄኔሬተርም ያንኑ ጋዝ ይለቃል።

ለምን ከሰል?

ጥፋቱን ሁሉ በዕውቀት ማነስ ላይ መጣል ግን ፍትሐዊ አይደለም። በሰፈራችን ብዙ ሰው የሚኖረው ከግቢ ውስጥ ተቀጥላ በተሠራች፣ አንድ በርና ቢበዛ አንድ ጠባብ መስኮት ባላት ክፍል ነው። ቆጣሪው የጋራ ነው። አከራዩ «ስቶቭና ምጣድ አይፈቀድም» ብሎ ገና ሲያከራይ ያስጠነቅቃል። ተከራዩ ታዲያ ምን ይሁን? በማዳበሪያ ከሰል ይገዛል። ወጡም፣ ሻዩም፣ ሙቀቱም የሚመጣው በዚያችው በሚተኛባት ክፍል ውስጥ ከሚቀመጥ ምድጃ ነው። የመብራት ሒሳብ ለመቆጠብ የተባለች አንዲት ቃል በተዘዋዋሪ ከሰሉን ወደ አልጋው ታስጠጋዋለች።

እዚህ ላይ የዚህ ጋዜጣ አንባቢያን ጉዳዩ የማይመለከተን እንዳይመስለን። ብዙዎቻችን ቤት አከራዮች ነን፤ ወይም ቤታችን ውስጥ የሠራተኛ ክፍል አለ። የሠራተኛዋ ክፍል መስኮት አለው? ሌሊት በምን ትሞቃለች? ዘበኛው በጥበቃ ቤቱ ውስጥ በር ዘግቶ የሚሞቀው በምንድን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ማታ መጠየቅ ይቻላል።

ምን እናድርግ?

የመጀመሪያውና ዋናው ሕግ አጭር ነው፤ ፍም ባለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም። ቢቀላም፣ አመድ ቢለብስም፣ የጠፋ ቢመስልም ከመኝታ በፊት ምድጃው ደጅ ይውጣ። በር ገርበብ ማድረግ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ቀን ምግብ ሲበስልም ሆነ ቡና ሲፈላ በርና መስኮት ፊት ለፊት ከፍቶ አየር እንዲያልፍ ማድረግ ይገባል። ለሙቀት ተጨማሪ ብርድ ልብስ ወይም በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ የተደረገ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ይሻላል። አቅሙ ያለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢገዛ መልካም ነው፤ ሲገዛ ግን ጭስ ብቻ የሚለየው መሣሪያ ይህን ጋዝ እንደማይለይ ማስተዋል አለበት።

አከራይ የሆንን ደግሞ ለእያንዳንዱ ክፍል የማይዘጋ የአየር ማስገቢያና ማስወጫ ቀዳዳ እናውጣለት። የመብራቱን ሒሳብ በስምምነት አካፍለን አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብንፈቅድ ወይም ከክፍሎቹ ውጭ የጋራ ማብሰያ ጥላ ብንሠራ ወጪው ከአንድ ቀብር አይበልጥም።

አደጋው ከደረሰስ? በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ተጎጂውን ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ራስም በዚያ ክፍል አለመቆየት ነው። ወገንን ሊያወጣ ገብቶ አብሮ የሚወድቅ አለና። ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ሆነ ሌላ ነገር በአፉ መስጠት ክልክል ነው፤ ወደ ሳምባው ገብቶ ያንቀዋል። ትንፋሹ ከቆመና የሚያውቅ ሰው ካለ የልብና የትንፋሽ እርዳታ ይሰጠው። በአዲስ አበባ ወደ እሳትና አደጋ 939፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል።

ተጎጂው ቢነቃም «ድኛለሁ» ብሎ መተኛት የለበትም። በተራ አየር ውስጥ በደም ያለው ጋዝ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል። በጭንብል ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ስለዚህ ሕክምናው ኦክስጅን ነው። ለሐኪሙ «ቤት ውስጥ ከሰል ነበር» ብሎ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥሮ መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የመርሳት፣ የባሕርይ መለወጥና የአካሄድ መዛባት ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችልም ክትትሉ መቀጠል ይኖርበታል።

የጭስ ቦምብ ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶችን «ተው» ማለት ቀላል ነው፤ አደጋው ይታያል፤ ቀለምም አለው። ከባዱ የማይታየውን ማስረዳት ነው። እኔ በበኩሌ አንድ የቃል ለውጥ ብናደርግ ደስ ይለኛል። «ከከሰል ጭስ ተጠንቀቁ» ማለቱን ትተን «ከፍም ተጠንቀቁ» እንበል። ጭሱማ ሲያልቅ ይታያል፤ የፍሙ መርዝ ግን ፍሙ እስካለ ድረስ አለ።